በቆሙ መኪኖች መሃል ስለሚያልፍ ሞተር ሳይክል፦ ሕጉ፣ አደጋውና ተጠያቂነቱ

የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። አንድ የሐዋሳ ነዋሪ በየጠዋቱ ከጥቁር ውኃ ተነስተው ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኘው ሥራቸው በሞተር ሳይክል ይመላለሳሉ። መንገዱ ሲዘጋ በሁለት ረድፍ በቆሙት መኪኖች መሃል እያለፉ ከፊት ይደርሳሉ። በቅርቡ አንድ የትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ ገሥጿቸዋል፤ አንድ የሥራ ባልደረባቸው ደግሞ «በአሜሪካ የተፈቀደ ነው፤ እንዲያውም ከመኪና ኋላ ከመቆም ይሻላል» ብሏቸዋል። የጠየቁት ሦስት ነገር ነው፤ በሕግ ይፈቀዳል ወይ? በእውነት ከኋላ ከመቆም ያነሰ አደጋ አለው ወይ? አደጋ ቢደርስስ ተጠያቂው ማን ነው? አንዳንድ ቀን ባለቤታቸውን ከኋላ እንደሚያፈናጥጡም ጠቅሰዋል።

ጥያቄዎ የብዙ ሞተረኞች ጥያቄ ነው። ለዓመታት ሞተረኞችን ሳሠለጥንና አደጋ የደረሰባቸውን ቦታዎች እየዞርኩ ስመለከት ከዚህ በላይ የተደጋገመብኝ ጥያቄ የለምና በሚገባ ልመልስልዎ እፈልጋለሁ። ከመነሻው ልናገር፦ የአገራችን ሕግ ለሞተር ሳይክል በመኪኖች መሃል የማለፍ ልዩ መብት አልሰጠም፤ ስለዚህ ያስቆመዎት የትራፊክ ፖሊስ አልተሳሳተም። ባልደረባዎም ቢሆን ያለ መነሻ አልተናገረም። ስለዚህ ጉዳይ የተጠና ጥናት አለ፤ የፈቀዱ አገሮችም አሉ። ነገር ግን የፈቀዱት የትኛውን ዓይነት ማለፍ እንደሆነና በምን ዓይነት መንገድ ላይ እንደሆነ ሳይጠየቅ ወሬው ብቻ ወደ እኛ ደርሷል።

ነገሩን የሚያደበላልቀው አንዱ ምክንያት ስሙ ነው። እኛ ሁሉንም «መሾለክ» እንለዋለን። አንደኛው ሞተረኛ መኪኖች መብራት ይዟቸው ፈጽሞ በቆሙበት ሰዓት እግሩን ለማውረድ እንደተዘጋጀ በዝግታ ወደ ፊት ይሄዳል። ሁለተኛው መኪኖቹ እየተጓዙ ሳለ ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው ዚግዛግ እየሠራ ይበራል። ሦስተኛው በቀኝ በኩል በመኪናውና በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ መካከል ባለችው ቀጭን ቦታ ይገባል። አራተኛው የመሃል መስመሩን አልፎ ከፊት ለፊት በሚመጣው ትራፊክ ረድፍ ላይ ይወጣል። እነዚህ አራቱ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ በአደጋ ረገድ የሚያገናኛቸው ነገር የለም። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን አንድም የማውቀው ጥናት አይደግፋቸውም፤ መሾለክን ከፈቀዱት ሕጎች መካከልም ዚግዛግን ወይም ከፊት በሚመጣ ረድፍ ላይ መውጣትን የፈቀደ አላውቅም። ክርክር ያለው በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው።

የሌሎቹን አገሮች ሕግ እንመልከት። በአሜሪካ ሞተር ሳይክል በረድፎች መሃል ማለፉ በሁሉም ግዛት የተፈቀደ አይደለም። ካሊፎርኒያ ለብዙ ዘመን ሳትከለክል ኖራ በ2016 እ.ኤ.አ. በሕግ አጸናችው፤ ሕጉም በ2017 መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ። ዩታ በ2019 ስትፈቅድ ግን እጅግ አጥብባ ነው፤ ሊታለፉ የሚችሉት የቆሙ ተሽከርካሪዎች ብቻ ናቸው፣ የሞተሩ ፍጥነት በሰዓት ከ24 ኪሎ ሜትር መብለጥ የለበትም፣ መንገዱም የፍጥነት ወሰኑ ከ72 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ መሆን አለበት። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ከሐምሌ 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰዓት እስከ 30 ኪሎ ሜትር ፈቅዳለች፤ በእግረኛ መንገድ ጠርዝ በኩል ማለፍንና በትምህርት ሰዓት በትምህርት ቤት አካባቢ መሾለክን ግን ከልክላለች። ፈረንሳይ ከ2016 ጀምሮ በተወሰኑ አካባቢዎች ስትሞክረው ቆይታ በ2025 በሕጓ ውስጥ አስገብታዋለች። ልብ ብለው ይዩት፦ አንዳቸውም «ሞተረኛ እንደፈለገ ይሂድ» አላሉም። ዩታና ኒው ሳውዝ ዌልስ ፍጥነትንና ቦታን ወስነዋል፤ ዩታ ደግሞ የመኪኖቹን መቆም ጭምር።

ባልደረባዎ ሰምተውት ሊሆን የሚችለው ጥናት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ተመራማሪዎች ተሠርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ነው። ወደ 6,000 የሚጠጉ የሞተር ሳይክል ግጭቶች የተመረመሩ ሲሆን ከእነዚህ 997ቱ ሞተረኛው በረድፎች መሃል በሚያልፍበት ጊዜ የደረሱ ነበሩ። በረድፎች መሃል ሲያልፉ ከተጋጩት መካከል የራስ ጉዳት የደረሰባቸው 9 በመቶ ሲሆኑ ከሌሎቹ መካከል ግን 17 በመቶ ነበሩ። የሞቱት 1.2 በመቶ ሲሆኑ ከሌሎቹ 3 በመቶ ሞተዋል። ከኋላ በሌላ ተሽከርካሪ የተገጩትም እንዲሁ አነስተኛ ናቸው፤ 2.6 በመቶ ከ4.6 በመቶ ጋር ሲነጻጸር። «ከኋላ ከመቆም ይሻላል» የሚለው ንግግር ሥሩ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ያ ጥናት የሚናገረውን እስከ መጨረሻው ማድመጥ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ቁጥሮቹ የሚነግሩን የተጋጩ ሰዎች ምን ያህል እንደተጎዱ ነው እንጂ በመሃል የሚያልፍ ሰው ምን ያህል ጊዜ እንደሚጋጭ አይደለም። ሁለተኛ፣ በመሃል የሚያልፉት ሞተረኞች ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ሥራ የሚመላለሱ፣ ፊትን ሙሉ የሚሸፍን ሄልሜት የሚያደርጉና ጠጥተው የመንዳት ልማዳቸው አነስተኛ የሆነ ነበሩ፤ ስለዚህ የጉዳቱ መቅለል ከመሾለኩ የመጣ ነው ለማለት አይቻልም። ሦስተኛና ዋናው ነገር፣ ውጤቱ መልካም ሆኖ የተገኘው የትራፊኩ ፍጥነት በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በማይበልጥበትና ሞተረኛው ከአጠገቡ ካሉት መኪኖች በሰዓት ከ24 ኪሎ ሜትር በላይ በማይፈጥንበት ጊዜ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ጉዳቱ ይከብዳል። የነገሩ ቁልፍ የፍጥነት ልዩነቱ ነው፤ ከእርስዎ ጋር ስነጋገርም ደጋግሜ የምመለስበት ይህ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ያ ጥናት የተሠራበት መንገድ የሐዋሳ መንገድ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ባጃጅ ከቀኝ ጠርዝ ተነስታ በአንድ መታጠፍ ወደ ግራ አትዞርም፤ ረዳት በሩን ከፍቶ ተሳፋሪ አያወርድም፤ ጋሪ፣ ብስክሌትና እግረኛ በአንድ ረድፍ አይጋፉም። የእኛን መንገድ በእኛ ልክ መለካት አለብን።

እንግዲያው እንለካ። የአንድ ረድፍ ስፋት 3.5 ሜትር ነው እንበል። ሁለት የቤት መኪናዎች እያንዳንዳቸው 1.7 ሜትር ገደማ ስፋት ኖሯቸው በየረድፋቸው መሃል ቢቆሙ በመካከላቸው 1.8 ሜትር ይቀራል። ከዚህ ላይ በሁለቱም በኩል የወጣውን ስፖኪዮ ሲቀንሱት 1.4 ሜትር ያህል ይሆናል። የእርስዎ ሞተር መሪ ከጫፍ እስከ ጫፍ 75 ወይም 80 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ በቀኝም በግራም 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ይኖርዎታል። ይህ አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። አሁን በእነዚያ ሁለት መኪናዎች ፋንታ አንድ አውቶቡስና አንድ ሲኖትራክ ያስቀምጡ። እያንዳንዳቸው 2.5 ሜትር ስፋት ስላላቸው በመካከላቸው 1 ሜትር ይቀራል፤ ስፖኪዮዎቹ ሲቀነሱ ደግሞ ግማሽ ሜትር። የእርስዎ መሪ አይገባም። የማይገባ መሆኑን ያወቀ ሞተረኛ ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ አይችልም፤ በሁለት ግድግዳ መካከል ተይዟል ማለት ነው። ከከባድ ተሽከርካሪዎች መካከል ፈጽሞ አይግቡ የምለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሹፌሩ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ከጎኑ ዝቅ ያለውን ሞተረኛ ሊያየው አይችልም፤ መኪናው ሲታጠፍም የኋላ ጎማው ወደ ውስጥ ይስባል።

ስለ ፍጥነት ደግሞ ይህን ያስቡ። አንድ ሰው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በዚያች ጊዜ ውስጥ 8 ሜትር ይጓዛል፤ ሁለት መኪና ተቀጥሎ ቢቆም የሚይዘውን ርዝመት ያህል ማለት ነው። ከዚያ በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 3 ሜትር ይጨምራል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ግን ፍሬን ከመያዙ በፊት ብቻ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፤ እስኪቆም ድረስም ጠቅላላው ርቀት 29 ሜትር ይደርሳል። ከሦስተኛው መኪና በር ቢከፈት በ20 የሚሄደው ይቆማል፤ በ40 የሚሄደው በሩን ይዞት ያልፋል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በረድፎች መሃል የሚያልፍ ሞተር ጎማው የሚረግጠው የተቀባውን ነጭ መስመር ነው፤ ያ ቀለም ሲርስ ከአስፋልቱ ይልቅ ያዳልጣል። በክረምት ፍሬን ስይዝ ወደቅሁ የሚሉ ሞተረኞች ስንጠይቃቸው ብዙዎቹ ጎማቸው መስመሩ ላይ እንደነበር ይነግሩናል።

ስለ ባጃጅ ትንሽ ልቆይ፤ የሐዋሳ ሞተረኛ በቀን ከሚገናኛቸው ተሽከርካሪዎች አብዛኞቹ እነርሱ ናቸውና። ባጃጅ በጣም ጠባብ በሆነ ቦታ ውስጥ መዞር ትችላለች፤ ተሳፋሪ በእጁ ሲጠራም ከመሃል ወደ ቀኝ ትስባለች። ፍሬቻዋ ላይሠራ ይችላል፤ ቢሠራም ሹፌሩ ላያበራው ይችላል። ለሠልጣኞቼ የምነግራቸው ፍሬቻዋን አትጠብቁ፤ የፊት ጎማዋን ተመልከቱ ብዬ ነው። የባጃጅ የፊት ጎማ አንድ ብቻ ነው፤ ከኋላ በኩል ወደ ጎን ዘንበል ብለው ሲመለከቱት ይታያል። ሰውነቷ ገና ሳይንቀሳቀስ ጎማው ይዞራል። ጎማው ቀጥ ያለ ከሆነ ቀጥ ትላለች፤ ትንሽ እንኳ ዘንበል ካለ ወደዚያው ልትወጣ ነው። ይህን ማየት የተለማመደ ሰው ግማሽ ሰከንድ ያህል ያተርፋል። ባጃጇን ከማለፍዎ በፊት የሹፌሩን ዓይን በስፖኪዮው ውስጥ ይፈልጉ፤ እርስዎ የእርሱን ዓይን ካላዩት እርሱም እርስዎን አላየም።

ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን የእግረኛ መሻገሪያውን ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ጠዋት ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ ዜብራ ላይ የደረሰ አደጋ አይቻለሁ። በቀኝ ረድፍ ያለው ሚኒባስ አንዲት ተማሪ ልታልፍ ስትል ቆመላት፤ በግራው ያለው መኪናም ቆመ። ልጅቱ በሚኒባሱ ፊት አልፋ አንገቷን ሳታወጣ በመካከል የመጣ ሞተር አገኛት። ሞተረኛው ዜብራውን አላየውም፤ መኪኖቹ የቆሙት በመጨናነቅ እንጂ ለሰው ብለው እንደሆነ አልመሰለውም። ልጅቱም እርሱን አላየችውም፤ ሚኒባሱ በመካከላቸው ቆሟልና። ደብተሯ በመንገዱ ላይ ተበትኖ ነበር። እግሯ ተሰብሮ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ተወሰደች፤ ሄልሜቱ ክንዱ ላይ የተንጠለጠለው ሞተረኛም ግንባሩ ተፈንክቶ አብሯት ሄደ። እዚህ ላይ ከሁሉም የሚያሳዝነው ማንም ክፉ ነገር አለማሰቡ ነው፤ ሚኒባሱ ትክክል ሠርቷል፣ ልጅቱ በመሻገሪያዋ ነበረች፣ ሞተረኛው ሥራ እንዳይረፍድበት ነበር። ስለዚህ ለእርስዎ የምሰጠው ምክር ይህ ነው፤ መኪኖች ለምን እንደቆሙ እስካላወቁ ድረስ አይለፏቸው። ለመብራት ከሆነ መብራቱ መታየት አለበት። ካልታየዎት ለሰው የቆሙ መሆናቸውን ይገምቱ። ይህን ሳያውቁ የሚያልፍ ሰው ምንም ያህል ቀስ ብሎ ቢሄድ የሌላን ሰው ሕይወት በጨለማ ውስጥ እየፈተነ ነው።

በቀኝ ጠርዝ በኩል መግባትን በተመለከተ ብዙ መናገር አያስፈልግም። የሚኒባስ በር በቀኝ ነው፤ የባጃጅ ተሳፋሪም የሚወርደው በቀኝ ነው፤ ረዳቶች ብዙ ጊዜ መኪናው ፈጽሞ ሳይቆም በሩን ይከፍታሉ። አሸዋውና ጠጠሩም የሚጠራቀመው በዚያው ጠርዝ ነው። በቀኝ በኩል አይግቡ።

እንግዲህ ከኋላ መቆም አደገኛ ነው ወይ ብለው ለጠየቁት፦ አዎ፣ አደጋ አለው። ከኋላ የሚመጣ ሲኖትራክ ወይም አይሱዙ ፍሬኑ ቢያንስ፣ ሹፌሩ ስልኩን እየተመለከተ ቢሆን መጀመሪያ የሚያገኘው ሞተረኛውን ነው። ነገር ግን የዚህ መፍትሔ በመኪኖች መሃል መሄድ ብቻ አይደለም። ሲቆሙ ከፊትዎ ካለው መኪና መሃል ጀርባ ላይ አይቁሙ፤ ከግራ ወይም ከቀኝ ጥግ ትንሽ ገለል ብለው የመውጫ ቦታ እንዲኖርዎ አድርገው ይቁሙ። ፍሪሲዮኑን ይዘው ሞተሩን በአንደኛ ማርሽ ያቆዩት፤ የፍሬን መብራትዎ በርቶ ይቆይ፤ ከኋላ ያለው መኪና ፈጽሞ እስኪቆም ድረስ ዓይንዎን ከስፖኪዮ አይንቀሉ። ከኋላ አንድ ተሽከርካሪ ቆሞልዎት ሲያበቃ ግን ያ መኪና እንደ ግድግዳ ይጠብቅዎታል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ፊት ለመሾለክ የሚያስገድድዎ የደኅንነት ምክንያት የለም፤ የቀረው የሰዓት ጉዳይ ብቻ ነው።

ወደ ሕጉ እንምጣ። በአገራችን የመንገድ ትራፊክ ቁጥጥርን የሚመለከቱት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንቦች ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ሞተር ሳይክል በሕግ ዓይን ተሽከርካሪ ነው፤ እንደማንኛውም ተሽከርካሪ ረድፉን ይጠብቃል፣ ያልተቋረጠ መስመርን አያልፍም፣ በእግረኛ መሻገሪያ ላይ ቅድሚያ ይሰጣል፣ ሌላውን በግራ በኩል ደርቦ ያልፋል፣ ሄልሜትም ያደርጋል። አሁን በሁለት ረድፍ መሃል የሚያልፈውን ሞተረኛ በዚህ መመዘኛ ይመልከቱት። በቀኙ ያለውን መኪና በግራ በኩል ያልፈዋል፤ ይህ ትክክል ነው። በግራው ያለውን መኪና ግን በቀኝ በኩል እያለፈው ነው። ጎማው በመስመሩ ላይ ስለሆነ በአንዱም ረድፍ ውስጥ የለም። ስለዚህ ፖሊሱ «በመኪና መሃል መሾለክ» የሚል የተለየ አንቀጽ ባይጠቅስልዎ እንኳ የጣሱት ደንብ አለ። ከፖሊሱ ጋር «አልተከለከለም» ብለው አይከራከሩ፤ ደንቡ የሚጠይቅዎ የተፈቀደልዎትን ማድረግ ነው።

ከቅጣቱ ይልቅ ሰዎች የማያውቁት የተጠያቂነቱ ጉዳይ ነውና እዚህ ላይ በጥሞና ያንብቡኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል፤ ያለ ፈቃዱ ሌላ ሰው ነድቶት ቢሆን እንኳ። ስለዚህ ሞተሩ የወንድምዎ ወይም የአሠሪዎ ከሆነ የእርስዎ መሾለክ የሌላ ሰውን ንብረት ይዞ ይሄዳል። በአንቀጽ 2084 ደግሞ ሁለት የሞተር ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ተቆጥሮ የጉዳቱን ጠቅላላ ዋጋ እኩል ይካፈላሉ ይላል። ይህ ለብዙ ሞተረኛ ያልተጠበቀ ነው፤ የመኪና በር ተከፍቶበት ሞተሩ የተሰበረበት ሰው የመኪናውን በርም ግማሽ ሊከፍል ይችላል። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንዱ ሹፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። በረድፎች መሃል የነበረ ሞተረኛ ያንን ለማስረዳት ቢሞክር የመጀመሪያው ጥያቄ «አንተ በዚያ ቦታ ምን ታደርግ ነበር?» ይሆናል፤ መልስ ለማግኘትም ይቸግራል። ስለዚህ አደጋ የሚያስከትለው ወጪ በአብዛኛው በእርስዎ ላይ ይዞራል።

ሰው ከሞተ ነገሩ ወደ ወንጀል ይሄዳል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰውን የገደለን ይቀጣል፤ ግልጽ የሆኑ ደንቦችን ሆን ብሎ በመጣስ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ፅኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። ያቺ ተማሪ እግሯ ተሰብሮ ተረፈች፤ ባትተርፍ ኖሮ የዚያ ሞተረኛ ሕይወትም በዚያው ጠዋት በሌላ መንገድ በሄደ ነበር። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የሆነው በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲሆን ጉዳት የደረሰበትን ሌላ ሰው ለመጠበቅ የተደነገገ ነው፤ እርስዎን ከፍርድ ቤት አያወጣዎትም፤ የራስዎንም እግር አያሳክምም። በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 የሚጠየቀው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድዎ ለሞተር ሳይክል የተሰጠ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ የመኪና ፈቃድ ይዘው ሞተር የሚነዱ ሰዎች አደጋ በደረሰ ቀን ሌላ ጥፋት ተደርቦባቸው አግኝቻለሁ።

ይህን ሁሉ ሰምተውም ነገ ጠዋት መንገዱ ሲዘጋ መሃሉ ክፍት ሆኖ እንደሚታይዎ አውቃለሁ። ሕጉን ካነሳሁ በኋላ አድርጉ ልልዎ አልችልም፤ የእኔ ምክር በረድፍዎ ይቁሙ ነው። ነገር ግን ሰዎች እንደሚያደርጉት እያወቅሁ ዝም ብል አደጋውን አላስቀርም። በዚህ ጉዳይ የሚጎዳውን ከማይጎዳው የሚለየው ልማድ ይህ ነው፦ የማይጎዱት ሞተረኞች መኪኖቹ ፈጽሞ ካልቆሙ በመሃል አያልፉም፤ ከፈጣን የእግር እርምጃ ብዙም አይበልጡም፤ ከፊት ያለው መብራት አረንጓዴ ሆኖ መኪኖቹ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ወዲያውኑ ወደ አንዱ ረድፍ ገብተው ይሰለፋሉ፤ ዜብራ ከመድረሳቸው በፊት እንደ መኪናው ሁሉ ቆመው ይጠብቃሉ፤ በባጃጅ፣ በአውቶቡስና በጭነት መኪና መካከል አይገቡም። ሄልሜታቸውንም ማሠሪያው ታስሮ ነው የሚያደርጉት፤ ያልታሰረ ሄልሜት ሰው ሲወድቅ ቀድሞት ይወድቃል። ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ በብዙ ጥናቶች የተረጋገጠ ነው፤ በመሪው ላይ ተንጠልጥሎ ግን ምንም አይቀንስም።

ለመኪናና ለባጃጅ ሹፌሮችም አንድ ቃል። ሞተረኛ በመሃል ሲመጣ አይተው ክፍተቱን በመሪ ለመዝጋት የሚሞክሩ ሹፌሮች አሉ። ይህ ደንብ ማስከበር አይደለም፤ ሰውን መግጨት ነው፤ ሕጉም እንደዚያው ያየዋል። ከመንገዱ ጋር በተያያዘ የሚሠሩ መሐንዲሶች ደግሞ የሚያነሱት አንድ ጥሩ መፍትሔ አለ፤ በታይዋን መስቀለኛ መንገዶች ላይ በመብራቱ መቆሚያ መስመር ፊት ለሞተር ሳይክሎች የተለየ መጠበቂያ ቦታ ይቀባል፤ በማሌዢያ ደግሞ በትልልቅ አውራ ጎዳናዎች ላይ ለሞተር ሳይክል የተለየ መንገድ አለ። ሐዋሳ ሰፊና ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ያሏት ከተማ ናት፤ ቢያንስ በዋና ዋና መብራቶች ላይ ያንን ቦታ መቀባት አቅሟን አያልፍም። ያ ሲሆን ሞተረኛ ከፊት ለመድረስ መብት ይኖረዋል፤ ደንቡም ከልማዱ ጋር አይጋጭም።

በመጨረሻ ስለ ባለቤትዎ። ከኋላ ሰው ካፈናጠጡ በመኪኖች መሃል ፈጽሞ አይግቡ። የሞተሩ ክብደት ስለሚጨምር ለመቆም የሚፈልጉት ርቀት ይረዝማል፤ በዝግታ ስትሄዱም ሚዛን መጠበቅ ይከብዳል፤ እግር ቢያወርዱም ክብደቱን ላይሸከመው ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን የእርስዎ ጉልበት ከታንከሩ ጋር ተጣብቆ ሲቀር የእርሳቸው ጉልበት ወደ ውጭ ይወጣል፤ በተለይ ወደ ጎን ተቀምጠው ከሆነ እግራቸው በሙሉ በአንድ በኩል ነው። ቀደም ብለን የለካነው 30 ሳንቲ ሜትር ከመሪዎ ጫፍ የተለካ ነው፤ ከእርሳቸው ጉልበት አልተለካም። እርስዎ ሳይነኩ ያለፉት የመኪና ስፖኪዮ እርሳቸውን ያገኛቸዋል፤ እርስዎም የሚያውቁት ከጀርባዎ ሲጮሁ ነው።